ጊዜዎ አልቋል፤ እንደገና ይግቡ

«ፓስወርድ»ን «የይለፍ ቃል» ብሎ ወደ አማርኛ የመለሰው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ኬላ ያየ ሰው መሆን አለበት። «ይለፍ» እኮ በዚህ አገር ቀላል ቃል አይደለም። በደርግ ጊዜ ከከተማ ከተማ ለመሄድ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ማስጻፍ ግድ እንደነበር ታላላቆቻችን ሲያወሩ ሰምታችኋል። ወረቀቱን የያዘ ያልፋል፤ ያልያዘ ይመለሳል። ሰውየው ማን እንደሆነ፣ ለቅሶ ይሂድ ሠርግ ይሂድ፣ ኬላ ጠባቂውን አያገባውም። ኮምፒዩተርም እንደዚያው ነው። ሰው አያውቅም፤ የሚያውቀው ወረቀት ነው።

የቤታችን ፓስወርድ ግን ከዚህ ሁሉ ይቀላል። ማታ በር ይንኳኳል። ከውስጥ «ማነው?» ይባላል። ከውጭ «እኔ ነኝ!» ይመለሳል። በሩ ይከፈታል። «እኔ ደግሞ ማን?» ብሎ የሚከራከር የለም፤ ድምፁ በቂ ነው። ትልቅ ፊደል አይፈልግ፣ ቁጥር አይፈልግ፣ በየ30 ቀኑ አይቀየር!

ይህን ሁሉ የምለው ፓስወርድ ስላንገበገበኝ ነው። እኔ አምቦ ውስጥ በአንድ ባንክ መስኮት ላይ የምቀመጥ ሰው ነኝ። የቱ ባንክ እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ እንጀራዬ ነው። ደግሞም ከአዲስ ዓለም እስከ ባኮ ባሉ ከተሞች በተለያየ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ጓደኞች አሉኝ፤ ስንገናኝ የምናወራው ስለ ደሞዝ ሳይሆን ስለ ሎግ አውት ሆኗል። ባንኩም፣ ጤና ተቋሙም፣ ፋይናንሱም፣ ትምህርት ቤቱም አንድ ዓይነት ዘፈን ነው የሚዘፍነው። ስለዚህ ጉዳዩ የአንድ መሥሪያ ቤት ሐሜት አይደለም።

ብር መቁጠር ሥራ አይደለም?

የእኛ ሲስተም ኪቦርድ ካልተነካ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያባርራል። አምስት ደቂቃ ቢሮ ቁጭ ብሎ ሪፖርት ለሚጽፍ ሰው ብዙ ነው። መስኮት ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን ምንም ማለት ነው።

እስቲ አስቡት። አንድ ነጋዴ በገበያ ቀን 50,000 ብር ሊያስገባ ይመጣል። ባለ 10 ብር ኖት ከሆነ 5,000 ቅጠል ነው፤ መቶ መቶ ሲታሰር 50 እሥር ማለት ነው። መቁጠሪያ ማሽኑ አዲስ ብር ይወዳል። የገበያ ብር ደግሞ የታጠፈ፣ የተለጠፈ፣ ቅቤ የነካው ነው። ማሽኑ ይይዝበታል፤ ትከፍታለህ፣ ታወጣለህ፣ እንደገና ታስገባለህ። አልሆን ሲል በእጅህ ትቆጥራለህ። ቆጥረህ ስትጨርስና ቀና ስትል ስክሪኑ ላይ ምን ተጽፏል? ጊዜዎ አልቋል፤ እንደገና ይግቡ። የሞላኸው ፎርም የለም። የሒሳብ ቁጥሩም፣ የአስገቢው ስምም፣ የብሩ ዝርዝርም ጠፍቷል። ነጋዴው በመስኮቱ በኩል ያይሃል። «ምነው፣ ጎደለ እንዴ?» ይልሃል። ሰው ብሩን አስረክቦ ባዶ ስክሪን ሲያይ ሌላ ምን ያስብ?

እኔን የሚያበሳጨኝ ጥበቃው አይደለም። ሲስተሙ «ሥራ» ብሎ የሚያውቀው ኪቦርድ መምታትን ብቻ መሆኑ ነው። ብር ስትቆጥር አልሠራህም። ፊርማ ስታመሳስል አልሠራህም። የሰባ ዓመት አዛውንት ጆሮ ላይ ተጠግተህ «አባባ፣ መታወቂያዎ ጊዜው አልፎበታል» እያልክ በአማርኛም በኦሮምኛም ስታስረዳ አልሠራህም። የጤና ተቋም ጓደኛዬ ጉዳይ ደግሞ ከእኔ ይብሳል። በሽተኛ ስትመረምር እጇ ያለው በሽተኛው ላይ ነው፤ ኪቦርዱ ላይ አይደለም። በደንብ የመረመረች ቀን ሲስተሙ አስር ጊዜ ያባርራታል፤ ሳትመረምር የጻፈች ቀን ግን አንድም ጊዜ አያባርራትም። ይህ ሲስተም ማንን እየሸለመ እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

በዚህ ላይ መብራት አለ። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ እስኪነሳ ኮምፒዩተሩ ይሞታል። ሲነሳ ልትገባ ስትል ሌላ ጉድ ይጠብቅሃል፤ «ይህ ተጠቃሚ አስቀድሞ ገብቷል» ይልሃል። ገብቷል የተባለው ማን ነው? አንተው ነህ! መብራቱ ሲሄድ ደህና ሁን ብለህ ስላልወጣህ፣ ሲስተሙ አሁንም ውስጥ እንዳለህ ያምናል። ያንን ሰውዬ ለማስወጣት አዲስ አበባ ወዳለው ዋና መሥሪያ ቤት ይደወላል። ስልኩ ይጠራል። አይነሳም። ወረፋው በሩን አልፎ አስፋልት ይደርሳል። «ሲስተም የለም» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር የምንላችሁ ግማሹን ጊዜ ይህን ሁሉ በሁለት ቃል ለማሳጠር ነው።

ትልቅ ፊደል ከየት ይምጣ?

አሁን ወደ ደንቡ እንምጣ። ፓስወርድህ ቢያንስ ስምንት ሆሄ ይሁን። አንድ ትልቅ ፊደል ይኑረው። አንድ ትንሽ ፊደል ይኑረው። ቁጥር ይኑረው። ልዩ ምልክት ይኑረው። ካለፉት ከበርካታዎቹ ጋር አይመሳሰል። በየወሩ ይቀየር።

የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። «ሀ» ንጉሥ ስም ላይም እረኛ ስም ላይም አንድ ቁመት ነው። ስለዚህ የእኛ ሰው ገና ከመጀመሪያው ፓስወርዱን በሌላ ሰው ፊደል ለማሰብ ይገደዳል። አምቦ ላይ በቁቤ የተማረው ጓደኛዬ ትንሽ ይሻለዋል። ትልቅ ፊደል አለው፤ «ሁዳ» የሚሏት ጭረትም ልዩ ምልክት ሆና ታገለግለዋለች። «የእኛ ቋንቋ ከነምልክቱ ለፓስወርድ የተፈጠረ ነው» እያለ ይጎርርብናል። ችግሩ አንዳንዱ ሲስተም ያቺን ጭረት አይቀበላትም። ልዩ ምልክት አስገባ ይላል፤ ስታስገባ ይህ ልዩ አይደለም ይላል!

ታዲያ ሰዉ ምን ያደርጋል? እንደ ሰው ያደርጋል። ወር በመጣ ቁጥር ቀይር ስለተባለ የወሩን ስም ያስገባል። መስከረም@2017፣ ጥቅምት@2017፣ ኅዳር@2017። የኦሮምኛውን የሚመርጥ ፉልባና ይላል፤ ኦንኮሎሌሳ ይላል። የአገሩ ፍቅር የበዛበት አምቦ@123 ይላል፤ ቅር ሲለው ጉደር@123። የቢሮውን ግማሽ ፓስወርድ ለማወቅ ጠላፊ መሆን አያስፈልግም፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ካላንደር ማየት ይበቃል። ያንን ማስታወስ ያቃተው ደግሞ ጽፎ ኪቦርድ ሥር ይሸጉጣል፣ ወይም ስልኩ ውስጥ «ፓስ አክስቴ» ብሎ ይመዘግባል። ደንቡ የተጻፈው ጠንካራ ፓስወርድ እንዲኖር ነበር። ያተረፍነው ግን ካላንደር ነው።

ደንቡን ያወጣው ሰው ራሱ ተጸጽቷል

ይህ የእኛ ስንፍና ብቻ ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። የፓስወርድን ታሪክ ትንሽ ብናገላብጥ ፈረንጁም ከእኛ የተለየ እንዳልነበረ እናያለን።

የኮምፒዩተር ፓስወርድ ከጀመረባቸው ቦታዎች ዋነኛው አሜሪካ የሚገኘው ኤምአይቲ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (ሁሉንም የውጭ ዘመን በእነሱ አቆጣጠር እየነገርኳችሁ ነው) ፈርናንዶ ኮርባቶ የሚባል ሊቅ ብዙ ሰዎች አንድን ኮምፒዩተር በጋራ የሚጠቀሙበትን ዘዴ ከባልደረቦቹ ጋር ሠራ። የእያንዳንዱ ሰው ፋይል እንዳይቀላቀል ለየራሱ ፓስወርድ ተሰጠ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1962 ዓ.ም.፣ አለን ሼር የሚባል ተመራማሪ የሁሉንም ሰው ፓስወርድ የያዘውን ፋይል በማተሚያ አሳትሞ ወሰደ። ለምን? የተፈቀደለት ሰዓት በሳምንት አራት ሰዓት ብቻ ስለነበረና ሥራው ስላላለቀለት! በታሪክ ከሚታወቁት የፓስወርድ ስርቆቶች የመጀመሪያው ሊባል የሚችለውን የፈጸመው ወንበዴ አይደለም፤ «ጊዜዎ አልቋል» የተባለ ሠራተኛ ነው። በ1966 ዓ.ም. ደግሞ እዚያው ቦታ ሁለት ፋይሎች ተምታቱና፣ የገባ ሰው ሁሉ በሰላምታ መልእክት ፋንታ የሰዉን ሁሉ ፓስወርድ ዝርዝር ስክሪኑ ላይ አየ። ኮርባቶ በእርጅናው ዘመን ስለ ፓስወርድ ሲጠየቅ ነገሩ ቅዠት እንደሆነ ተናግሯል።

ትልቅ ፊደል፣ ቁጥር፣ ምልክት፣ ቶሎ ቶሎ መቀየር የሚለው ደንብ የተስፋፋው ግን በ2003 ዓ.ም. ነው። ቢል በር የሚባል የአሜሪካ የስታንዳርድና የቴክኖሎጂ ተቋም ባለሙያ መመሪያ ጻፈ፤ ዓለም ተቀበለው፤ ባንኮች፣ ሆስፒታሎች፣ ዩኒቨርሲቲዎች ቀዱት። ሰውየው ጡረታ ከወጣ በኋላ በ2017 ዓ.ም. ለዎል ስትሪት ጆርናል ጋዜጣ ካደረገው አብዛኛው ነገር እንደሚጸጸት ተናገረ። በዚያው ዓመት ተቋሙ መመሪያውን አድሶ፣ ምክንያት ሳይኖር ሰውን በየጊዜው ፓስወርድ ቀይር አትበሉት፣ ትልቅ ፊደልና ምልክት እያላችሁም አታስጨንቁት፣ ይልቅ ረዥም ይሁን፣ የታወቁ ደካማ ፓስወርዶችን ደግሞ ከልክሉ አለ። በ2025 ዓ.ም. በወጣው እትም ላይ ምክሩ ወደ ክልከላ ተለውጧል። ማይክሮሶፍትም በ2019 ዓ.ም. በየጊዜው የማስቀየሩን ነገር ከዊንዶውስ የደኅንነት ምክሩ ውስጥ አውጥቶታል።

ማስረጃው ደግሞ አለ። በ2010 ዓ.ም. የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በየሦስት ወሩ ፓስወርድ እንዲቀይሩ ይገደዱ የነበሩ ሰዎችን አሮጌ ሒሳቦች መረመሩ። የሰውየው አሮጌ ፓስወርድ ከታወቀ፣ ከሒሳቦቹ 17 በመቶ በሚሆኑት ላይ አዲሱን ከአምስት ባልበለጠ ግምት ማግኘት ተቻለ። አየህ ወዳጄ፣ እነሱም ካላንደር አላቸው!

እንግዲህ መመሪያው ከተሻሻለ ዓመታት አልፈዋል። ጸሐፊው ተጸጽቷል። የእኛ ቢሮዎች ግን የ2003ቱን መመሪያ እንደ ዳዊት ይደግማሉ። አዲስ ነገር ሲመጣ ለመቅዳት የሚቀድመን የለም፤ የቀዳነው ሲሻር ግን የሚነግረን የለም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህቺ የራሴ ስሌት ናት። አዲሱ መመሪያ የየትኛውም ቋንቋ ፊደል ለፓስወርድ ቢፈቀድ ይመክራል። የእኛ ፊደል መደበኛው ብቻ 33 በ7፣ 231 ነው። የእንግሊዝኛው ኪቦርድ ትልቁም ትንሹም፣ ቁጥሩም ምልክቱም ተደምሮ 94 ነው። በዘፈቀደ የተመረጡ ስምንት የግዕዝ ሆሄያት በዘፈቀደ ከተመረጡ ስምንት የኪቦርድ ሆሄያት ከ1,000 ጊዜ በላይ የሚበልጥ ዕድል አላቸው። ማለትም ጠንካራው ፓስወርድ አፍንጫችን ሥር ነበር። እኛ ግን ትልቅ ፊደል ፍለጋ ወጣን።

ግን እኮ ሎግ አውት ለምን መጣ?

ፍትሐዊ እንሁን። በራሱ የሚዘጋ ሲስተም ያለምክንያት አልመጣም። ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ሻይ ሊጠጣ የሄደ ሠራተኛ፣ በሩን ከፍቶ ገበያ የሄደ አባወራ ማለት ነው። የሰው ሒሳብ፣ የሰው የጤና ካርድ፣ የተማሪ ውጤት ክፍት ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ የክፍያ ካርድ መረጃ ለሚይዙ ተቋማት የወጣው ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ፣ ለ15 ደቂቃ ያልተነካ ሲስተም ባለቤቱን እንደገና ይጠይቅ ይላል። 15 ነው ያለው፤ 5 አላለም። የእኛን 5 ማን እንደወሰናት ጠይቄ «ሲስተሙ ነው» ተብያለሁ። ሲስተሙ ግን ከሰማይ አልወረደም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ «5» የምትለውን ቁጥር ጽፎበታል፤ ያ ሰው ደግሞ በገበያ ቀን ብር ቆጥሮ አያውቅም።

ትልቁ አደጋ ሁልጊዜ ከመስኮቱ ሠራተኛ ይመጣል የሚለውም ሐሳብ ልክ አይደለም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አንድ ቀን ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ደንበኞች ከሌላቸው ሒሳብ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ ማደራቸውን የማያስታውስ የለም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኤቲኤም ላይ ተሰልፈው አደሩ። ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደተወሰደ ገለጸ፤ አብዛኛውን ቢያስመልስም ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ እስከ መለጠፍ ደርሶ ነበር። ምክንያቱ ምን ነበር? የሳይበር ጥቃት አልነበረም፤ ባንኩ እንዳለው ከሲስተም ማሻሻያ ጋር የተያያዘ ችግር ነበር። የማንም ቴለር ፓስወርድ ትንሽ ፊደል ስለነበረ አልሆነም። የላይኛው በር ሲበረገድ የታችኛው መስኮት መቀርቀሪያ ብቻውን አያድንም።

ፓስወርዱ የሁሉም ሲሆን ጥፋቱ የማን ነው?

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ብስጭት ነው። አሁን የምነግራችሁ ግን እንጀራ የሚቆርጥ ነገር ነው።

በባንክ ሥራ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ያጸድቃል። ከተወሰነ ብር በላይ ከሆነ እኔ ብቻዬን አልጨርሰውም፤ ሱፐርቫይዘሬ በራሱ ፓስወርድ ገብቶ ማጽደቅ አለበት። ሁለት ሰው፣ ሁለት ቁልፍ። ጥሩ ሥርዓት ነው። ድሮም ደብዳቤ የሚጽፈው ሌላ፣ ማኅተሙን የሚይዘው ሌላ ነበር። ማኅተም ያዧ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ስትወጣ ቢሮው በሙሉ እንደሚቆም ታውቃላችሁ።

ሲስተሙ በየአምስት ደቂቃው ሲያባርር፣ ሱፐርቫይዘሩ ስብሰባ ሲጠራ፣ ወረፋው አስፋልት ሲደርስ፣ ደንበኛው ሲጮህ ግን ምን ይሆናል? በየቢሮው የሚሆነው ይኸው ነው፤ ፓስወርድ በብጣሽ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። «እስክመለስ በዚህ ጨርሱላቸው» ይባላል። መጥፎ ሐሳብ የለበትም። እንዲያውም ደግነት ነው፤ ሰው እንዳይጉላላ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ወለጋ በሚወስደው በዚሁ መንገድ ላይ ባለች አንዲት ከተማ፣ በሌላ ባንክ የሚሠራ የማውቀው ሰው እንዲሁ ደግ ነበር። አንድ ቀን እሱ ስብሰባ ላይ እያለ በእሱ ስም አንድ ክፍያ ጸደቀ። ክፍያው ትክክል እንዳልነበረ ከሳምንታት በኋላ ታወቀ። ኦዲተር መጣ። ሲስተሙ ተጠየቀ። ሲስተሙ ያለ ማመንታት ስሙን ጠራ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ደቂቃውን ጭምር። እሱ «ስብሰባ ላይ ነበርኩ» አለ። «ታዲያ በፓስወርድህ ማን ገባ?» ተባለ። መልሱ ቅርንጫፉ በሙሉ ነው። ስድስት ሰው ያውቀዋል። ስድስቱም ተጠርጣሪ ሆኑ፤ ስድስቱም አይተያዩም ነበር። እሱ ለአራት ወር ያለ ደሞዝ ታግዶ ቆየ። ሁለት ልጆች አሉት፤ የቤት ኪራይ አለበት። በመጨረሻ ወደ ሥራ ተመለሰ እንጂ ስሙ እንደ ድሮው አልተመለሰም። የማን እጅ እንደነበረ እስከ ዛሬ አልተለየም። ስድስት ጓደኛሞች የነበሩ ሰዎች ዛሬ ምሳ ለየብቻ ነው የሚበሉት።

ሕጉ ደግሞ ደግነት አያውቅም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958፣ ያለፈቃድ ወደ ሰው ሲስተም መግባትን ብቻ ሳይሆን ያለፈቃድ ፓስወርድ አሳልፎ መስጠትንም በወንጀል ያስጠይቃል። እንግዲህ ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ደንቡን ያወጣው ክፍል ወረቀቱ ላይ «ፓስወርድ ማጋራት ክልክል ነው» ብሎ አስፈርሞናል። ፋይሉ ውስጥ አለ። በዚያው ቀን ግን ሳያጋሩ መሥራት የማይቻልበትን ሲስተም ሰጥቶናል። ሥራው ከፈጠነ ምስጋናው የሲስተሙ ነው፤ ችግር ከመጣ ፊርማው የእኛ ነው። ፓስወርድ የተፈጠረው ማን ምን እንደሠራ ለማወቅ ነበር። በጣም የጠበቀ ደንብ ያንኑ ነው የገደለው።

አገር ሲወጣ

ስለ መባረር ካወራን አይቀር አምቦ የምታውቀው ትልቅ ሎግ አውት አለ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. የከተማችን ልጅ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። በማግስቱ ኢንተርኔት በአገሪቱ ሁሉ ጠፋ፤ ከሁለት ሳምንት በላይም ቆየ። ከዚያ በፊት በዚያው ዓመት፣ ከባኮ ማዶ ያሉት የወለጋ ዞኖች ለሦስት ወር ያህል ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦባቸው ነበር። እዚያ ማንም «ጊዜዎ አልቋል» የሚል መልእክት እንኳ አላየም። የሞተ ዘመዱን ለመርዳት፣ የታመመ ለመጠየቅ፣ የተላከለት ብር መድረሱን ለማጣራት የፈለገ ሰው በሌላ ሰው ቁልፍ ውጭ ተዘግቶበት ቀረ።

የባንክ መስኮትና ይህ አንድ አይደሉም፤ አላመሳስላቸውም። ግን ከዚያ በኋላ የሆነ ነገር ሲዘጋብኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ለምን ተዘጋ?» መሆኑ ቀርቷል። «ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?» እላለሁ። አንተን ሳይጠይቅ የሚያስወጣህ ሰው፣ ስትወጣ ምን ጥለህ እንደወጣህ የማያይ ከሆነ፣ ደኅንነትህን እየጠበቀ አይደለም። የራሱን እንቅልፍ እየጠበቀ ነው።

የእናቶቻችን ፒን

ከመስኮቱ ወዲያ ማዶ ያሉት ደንበኞቻችንስ? ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ፣ የባንኮቹም የስልክ አገልግሎት ከተስፋፋ ወዲህ፣ ፓስወርድ የቢሮ ሰው ጣጣ መሆኑ ቀርቷል። ዛሬ ጤፍ ሸጠው የሚመጡ እናት የሚስጥር ቁጥር አላቸው። የሚስጥር ቁጥራቸውን ግን መስኮት ላይ ሆነው ጮክ ብለው ይነግሩኛል። «ልጄ፣ አንተው ጻፈው፣ ዓይኔ አያይም» ይሉኛል። «እማማ፣ ለማንም አይንገሩ» ስላቸው ይቀየማሉ። «አንተ ማንም ነህ እንዴ?» ይሉኛል።

ይህን ጥያቄ ማንም የሲስተም ባለሙያ አልመለሰውም። እኛ አገር መተማመን ማለት መንገር ነው። ለልጅ፣ ለጎረቤት፣ ለባንክ ሠራተኛ። አለመንገር ማለት ደግሞ አለማመን ነው፤ አለማመን ነውር ነው። ሲስተሙ የተሠራው ማንንም ባለማመን ላይ ነው፤ ኑሯችን የተሠራው በማመን ላይ ነው። ሁለቱ መስኮቱ ላይ ይጋጫሉ፤ መሐል ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

አሁን ፋይዳ መጥቷል። የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል ይወስዳል። ቁጥር ከማስታወስ ጣት ይዞ መምጣት ይቀላል፤ እውነት ነው። ዕድሜ ልካቸውን በእርሻ የደከሙ ሰዎች ጣት ግን አሻራው ተፍቆ ማሽኑ እምቢ የሚልበት ጊዜ አለ። ፓስወርድ ቢሰረቅ ይቀየራል፤ ጣት ግን አይቀየርም። ስለዚህ ጣት መጣ ብለን የጥንቃቄውን ጉዳይ ልንተኛበት አንችልም።

ታዲያ ምን ይሁን?

ማማረር ብቻ እንዳይሆንብኝ የምፈልገውን ልናገር። ብዙ አይደለም።

ሲስተሙ ይዘጋ፤ ግን ይሸፈን እንጂ አይጣል። ስክሪኑ ይቆለፍ፣ እንደገና ስገባ ግን የጀመርኩት ፎርም በነበረበት ይጠብቀኝ። የሚዘጋበት ደቂቃ ከሥራው ጋር ይመዛዘን፤ ከቆጣሪው ጀርባ፣ በጥበቃና በካሜራ ሥር ያለ ኮምፒዩተርና ኮሪደር ላይ ያለ ኮምፒዩተር አንድ አይደሉም። በየወሩ ቀይር የሚለው ይቅር፤ ፓስወርድ ተጋልጧል ተብሎ ሲጠረጠር ግን በዚያው ሰዓት ይቀየር። በምልክት ፋንታ ርዝመት ይጠየቅ። አራት ከአንዱ ወደ ሌላው የማያገናኙ ተራ ቃላት ተደርድረው ከካላንደር ይሻላሉ፤ ለማስታወስም አይከብዱም። መብራት ያስወጣውን ሠራተኛ ለማስገባት አዲስ አበባ አይደወል፤ ቅርንጫፉ ውስጥ ሥልጣን ያለው ሰው ይኑር። ሱፐርቫይዘር ስብሰባ ሲሄድ ሥልጣኑን ለሌላ ሰው በሲስተሙ ላይ በሕጋዊ መንገድ ማስተላለፍ ይቻል፤ ያኔ ብጣሽ ወረቀቱ አያስፈልግም። ይህ ሁሉ አዲስ ግኝት አይደለም። ብዙው አሁን ባሉት ሲስተሞች ውስጥ ተቀምጧል፤ የሚጎድለው ከፍቶ የሚያስተካክል ሰው ነው።

ከሁሉ በፊት ደግሞ ደንብ የሚያወጣው ባለሙያ አንድ ቀን፣ አንድ የገበያ ቀን ብቻ፣ ይምጣና አጠገቤ ይቀመጥ። አምቦ ሩቅ አይደለችም። ቀዝቃዛ አምቦ ውሃ እኔ እጋብዘዋለሁ። 50ዋን እሥር እሱ ይቁጠር።

እናንተ መስኮትና ኮምፒዩተር ላይ የምትሠሩ ወዳጆቼ ደግሞ፣ እስከዚያው ድረስ፣ ወረፋው አስፋልት ቢደርስም፣ ደንበኛው ቢቆጣም፣ አለቃም ቢለምን ፓስወርዳችሁን አትስጡ። ክፉ ሆናችሁ አይደለም። ሲስተሙ ስማችሁን ሲጠራ አብሯችሁ የሚቆም ሰው ስለሌለ ነው።